በፎሮሌ ተራራ ግርጌ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ለሥራ ጉዳይ በኬንያዪቱ ሞያሌ በሰነበትንበት ጊዜ ፎሮሌን የማየት ሐሳብ ከቶ አልነበረንም። ነገር ግን ኦሮምኛና አማርኛ አጣርቶ የሚያውቀው አስተርጓሚያችን «ስለ ጋብራ ሰዎች የሚጽፍ ሰው ፎሮሌን ሳያይ ምን ብሎ ይጽፋል?» ብሎ ስለ ወቀሰን፣ በማግሥቱ ማለዳ ተነሣን።

የማርሳቢትን ጐዳና ይዘን ቱርቢ ከደረስን በኋላ፣ አስፋልቱን ትተን በግራርና በግመል መንጋ መካከል ተጓዝን። ፎሮሌ ከደረቁ ሜዳ ላይ ብቻውን ተነሥቶ 2000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ወሰኑን ሲዋዋሉ፣ ተራራው በኢትዮጵያ በኩል፣ ከጋብራ ብዙዎቹ ግን በኬንያ በኩል ቀሩ። ከአምስቱ የጋብራ ነገዶች አንዱ የሆነው ጋልቦ የትውልድ መተካካት በዓሉ ሲደርስ ግመሎቹን እየነዳ ከሩቅ ወደዚህ ተራራ ይመጣል። ልማዱ ከወሰኑ በፊት የነበረ ስለ ሆነ፣ ወሰኑ አላስቀረውም።

በግርጌው መንደር አንድ ሽማግሌ በጥላ ሥር ተቀበሉን፤ የግመል ወተት በጮጮ ቀርቦ ነበረ። እኛም ማስታወሻ ደብተራችንን አወጣን። በልጅነታችን በትግራይ ያስተማሩን ሚሲዮናውያን በዛፍና በተራራ ሥር የሚጸልይ ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነው ይሉን ስለ ነበረ፣ ከሁሉ አስቀድመን የጻፍነው «ተራራ አምላኪዎች» የሚል ነበረ። ሽማግሌው «ምን ጻፈ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አስተርጓሚው ሳይሸሽግ ነገራቸው።

ጮጮው ከፊታቸው ሳይነሣ ብዙ ዝም አሉ። ቆይተውም «ልጄ፣ የምንለምነው ዋቃን ነው፤ ተራራው የምንለምንበት ቦታ ነው። ባገርህ እንዲህ ያለ ተራራ የለህምን?» አሉን።

በዚህ ጊዜ ደብረ ዳሞ ትዝ አለን። በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት የሚነገርለት ገዳም ከአምባ ላይ ነው፤ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ተይዞ ይወጣል፤ ሴት አትወጣበትም። ይህን ሁሉ ነገርናቸው። «ደብር ማለትስ ምንድን ነው?» አሉ።

«አባቴ፣ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው» ብለን መለስን፤ መልሳችንንም ራሳችን ስንሰማው አፈርን። አያቶቻችን ጠፍር ይዘው ሲወጡ ተራራ አምላኪዎች ያላቸው ማን ነበረ?

ወደ ላይ ጥቂት እንውጣ ብለን ብንጠይቅ፣ ያለ ጋልቦ ሽማግሎች ፈቃድ አይወጣም አሉን። ከደብረ ዳሞም በር እንዲሁ ያለ ፈቃድ አይታለፍምና አልተከራከርንም።

ከመነሣታችን በፊት የጻፍነውን ሠርዘን «ተራራቸው ደብራቸው ነው» ብለን በምትኩ ጻፍን። አስተርጓሚውም ይህን ሲነግራቸው፣ ሽማግሌው ጮጮውን አንሥተው በእጃቸው ሰጡን።

አማርኛ የምትማሩ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ እኛም ይህን ቋንቋ ከአፍ መፍቻችን ከትግርኛ ቀጥለን የተማርን ነን። ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት፣ ቃሉን ጮክ ብላችሁ ለዚያው ሰው ልታነቡለት ትደፍሩ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።