የጣና ሽርሽር የሚጀምረው ከዓባይ በረሃ ነው

ቤተሰብዎን በመኪና ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሊወርዱ፣ ጣናን በጀልባ ሊያዩ አስበዋል? እንግዲያው ከጀልባው በፊት የዓባይን በረሃ ያስቡ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬን፣ ዳገቱ ሞተር ይፈትናል። ስለዚህ ሳይነሱ ፍሬኑን፣ ጎማውንና የራዲያተሩን ውሃ ያስፈትሹ፤ የመንገዱንም ሰላም ይጠይቁ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

መኪናው ቢበላሽብዎ ከኩርባው ርቀው ጥግ ይያዙ። አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፤ ጎማውን በታኮ ይያዙ፤ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከኋላ ራቅ አድርገው ያቁሙ። ልጆችን ከአስፋልቱ ውጭ፣ ከገደሉም ራቅ አድርገው ያቆዩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። ሲነሱ ደግሞ ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ ከመንገዱ ያንሱ፤ በጨለማ ለሚመጣ ሌላ ቤተሰብ አደጋ ነውና።

ባሕር ዳር ሲደርሱ አርፈው ይደሩ። ጀልባ የሚያዘው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ለልጆችዎ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ሳያዩ አይሳፈሩ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ቤተሰቡ አብሮ እንዲገባ ዘጌን ይምረጡ። በቡና ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ወጥተው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ፣ ግድግዳውን የሞሉት ጥንታዊ ሥዕሎች ድካምዎን ያስረሱዎታል።

ለመንገዱ በቂ ጊዜ ይስጡት። ጣና የትም አይሄድም።