ሶፍት ኮፒ ሁሉ አንድ አይደለም

ከሸዋ ሮቢት፣ ከይፋት ቆላ ሁሉ «ቲቸር፣ ሶፍት ኮፒ ይላኩልን» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ግን ዓይነቱን እንለይ።

ፒዲኤፍ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ገጹን እንደታተመ ይጠብቃል። ለማተም ግሩም ነው፤ በትንሽ ስልክ ግን ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። ኢፐብ ላይ ፊደሉን ስታሳድጉ መስመሩ ራሱ ከስክሪኑ ጋር ይስተካከላል።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍማ ፎቶ ነው። ቃል አይፈለግበትም። ማየት የተሳነው ተማሪዬ ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል፤ ፎቶ ስንልክለት ግን ዝም ይላል። ልጁ ከክፍሉ ወደኋላ የሚቀረው በእኛ ፋይል ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ ኖታችሁን ፎቶ አታንሱ፤ ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉትና በኢፐብ አውርዳችሁ ላኩ። የደራሲን መጽሐፍ ግን ግዙ እንጂ አታሰራጩ፤ እንጀራው ነው።