የእናቴ አልጋ

«ቆርቆሮ ያለው!» ሲያጥር ሲያጥር ነው «ቆራሌው!» የሆነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠርቼው የእናቴን የብረት አልጋ አሳየሁት። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም፤ ብቻ ከዓይኔ ይራቅልኝ። እናቴ የመጨረሻ 3 ወሯን የተኛችበት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ «በልቦለድ ውስጥ ዕቃ ዕቃ ብቻ አይደለም» ስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴን በኪሎ ልሸጥ!

ልጄ በር ላይ ደረሰችብን። «አባዬ፣ ምን ነካህ?» ብላ ብሩን ለሰውየው መለሰች። ከባሏ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ከገቡ ገና ወራቸው ነበር፤ ከፍራሽና ከምድጃ በቀር ዕቃ የላቸውም። የሶፋ ዋጋ ጠይቃ፣ ደንግጣ መምጣቷ ነው።

አልጋውን አስጭና መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወሰደችው። እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳው ሌላ ነገር ይሆናል፤ የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። በያጁ ራስጌውን መደገፊያ አደረገው፤ ግርጌውን ለሁለት ቆርጦ ከግራና ከቀኝ የክንድ ማሳረፊያ በየደው። አግዳሚ ወንበር ወጣው። ዝገቱን ራሷ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ አረንጓዴ ቀለም ቀባችው። ስፖንጁን ያለበሰችው በእናቴ አሮጌ ጋቢ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ አፍሬ ነበር። የባሏ ዘመዶች «አባትየው ሶፋ መግዛት አቃተው» ይሉኛል ብዬ።

ቡና ጠራችን። «ቁጭ በላ አባዬ» አለችኝ። መስኮት መስኮቱን እያየሁ አቦሉን ቆሜ ጠጣሁ። ለቶናው ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ተቀመጥኩ።