ጆሮና ካቻቢቴ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደረስሁት አንድ ተውኔት ውስጥ የእርሻ መሣሪያ መካኒክ ነበር። ትልቅ መዶሻ ተሸክሞ ወደ መድረክ ይወጣና ለቆመ ትራክተር ረጅም ንግግር ያሰማል። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግን አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ብዙ በማይርቅ የስንዴ ማሳ ዳር ቆሜ አንድ ኮምባይነር ሲመረመር ለማየት በቃሁ። መካኒኩ ሙያውን በ1970ዎቹ በመንግሥት እርሻ የቀሰሙ አዛውንት ናቸው። ሞተሩ እየሠራ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ በመውቂያው ከበሮ ኩሽኔታ መያዣ ላይ አሳረፉ፤ እጀታውን ከጆሮአቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። (ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፦ ከጣልያንኛ መጥተው በእንዲህ ያሉ ሰዎች አፍ አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው፤ እኛ ደራስያን ግን እምብዛም አንጠቀምባቸውም።) ጥቂት ቆይተው ሞተሩ እንዲጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ተራው የደረሰው የአንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ማሳ ነበር። በስተምሥራቅ ደመናው ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከደጋገመበት በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ይህን በዚያ ማሳ ዳር የማያውቅ ብኖር እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ሰማዩን አያዩትም? አንድ ሁለት ዙር ብቻ ይሂድልኝ» አሉ ሴትዮዋ።

«እኅቴ፣ ኩሽኔታው አልቋል። ከጋለ ገለባውን ያቃጥላል። እሳቱ ካንቺ ማሳ ላይ አይቆምም።»

ኦፕሬተሩ አጉረመረመ፤ ሰዎች ተቆጡ። እኔ ራሴ፣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ በልቤ ከእነርሱ ጋር ነበርሁ። አዛውንቱ አልተከራከሩም። አንድ ወጣት መለዋወጫ እንዲያመጣ ወደ አዳማ ላኩና ቺንጊያውን መፍታት ጀመሩ።

ሌሊት ዘነበ።

ኩሽኔታው በባትሪ ብርሃን ሲወጣ ኳሶቹ ከግለት የተነሣ ሰማያዊ ሆነው ነበር። አዛውንቱ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ለማንም አላሳዩም። ለሴትዮዋ ያሳዩ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። በእኔ ተውኔት ቢሆን ኖሮ ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር፤ መብራቱም በእጁ ላይ ያርፋል።

ሲነጋ ሴትዮዋ ከማሳው ዳር አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹ፤ ፍሬውን ነከሱና ከቀረው ለአዛውንቱ ሰጧቸው። እርሳቸውም ነከሱ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንዴው እስኪደርቅ፣ የተጠገነው ኮምባይነር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እዚያው ቆመ።