ሆድ ይፍጀው ያሉ ሯጮች

የታላላቅ ሯጮቻችንን ስም እስቲ ከነማዕረጋቸው ጥሩ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ። ስማቸውን ከነማዕረጉ እየሰማን ስላደግን ልብ አንለውም እንጂ ማዕረጉ ብዙ ነገር ይናገራል። አበበና ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ምሩፅ የአየር ኃይል፣ ደራርቱ ደግሞ የማረሚያ ቤቶች ፖሊስ ባልደረባ ነበሩ። ወታደር የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ስለ አገር አስተዳደር ምን እንደሚያስብ በአደባባይ አይጠየቅም፣ ቢጠየቅም አይመልስም። አትሌቶቻችን ስለ ፖለቲካ ሲጠየቁ ፈገግ ብለው "እኔ ስፖርተኛ ነኝ" የማለታቸው ልማድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ዛሬም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። መቻል፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እያልን የምንጠራቸው ክለቦች የመከላከያ፣ የፖሊስና የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ከገጠር የመጣ ወጣት ሯጭ የመጀመሪያ ደመወዙን የሚያገኘው ከእነዚህ ነው። ያ ደመወዝ የእናትና የአባት ቀለብ፣ የታናናሾች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም፤ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያወጣ ስንት ሰው ጦሙን እንደሚያድር ያውቃል።

"ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም" የሚለውን አባባል ሁላችንም እንወደዋለን። ችግሩ፣ አባባሉ የሚሠራው በሯጩ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ምክንያት በርካታ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩፅ ያን ጊዜ ብቃቱ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣ። ከዚያም የ1984ቱና የ1988ቱ ኦሎምፒክ በተመሳሳይ መንገድ አመለጡን። ለእነዚያ ሁሉ ሯጮች ፖለቲካው ወደ ስፖርቱ ሲገባ ፈቃድ የጠየቃቸው አልነበረም።

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ስለሆነ የዚህን ዝምታ ሌላ ገጽታ በቅርብ አየዋለሁ። ለማስታወቂያ ታዋቂ ሰው ሲታጭ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ሜዳሊያ አለው የሚለው ብቻ አይደለም። ይህ ፊት ደሴም፣ ነቀምትም፣ መቀሌም፣ ሐዋሳም ቢሰቀል የሚከፋው ደንበኛ አለ ወይ? የማን ወገን ነው የሚል ሐሜት ተነስቶበት ያውቃል? ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ምንም ያልተናገረው ነው። እንግዲህ ገበያውም እንደ ክለቡ ሁሉ ለዝምታ ይከፍላል ማለት ነው። የሚገርመው ግን ማታ ቤታችን ገብተን፣ ያንኑ አትሌት "ለሕዝቡ አንድ ቃል እንኳ አይተነፍስም!" ብለን የምናማው እኛው ነን።

መናገር ምን እንደሚያስከፍል ካየን ደግሞ ገና ብዙ ዓመት አልሆነንም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቡሄ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከግንባሩ በላይ አጣመረ። የኦሮሚያ ተቃዋሚዎች ምልክት ነበር። በዚያው ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳርም በተቃውሞ ሰልፍ ተናውጠው ስለነበር የእጆቹን ትርጉም እዚህ ደብረ ታቦር የሚያስረዳን ሰው አላስፈለገንም። ፈይሳ ወደ አገሩ ቢመለስ ሊገደል ወይም ሊታሰር እንደሚችል ተናገረ፤ መንግሥት በበኩሉ የጀግና አቀባበል ይጠብቀዋል አለ። እሱ አልተመለሰም። ሚስቱንና ልጆቹን አሜሪካ ላይ ያገኛቸው ከወራት በኋላ ነበር፤ አገሩን የረገጠው ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። እጅን ለጥቂት ሰከንድ ማጣመር ከሁለት ዓመት በላይ ስደት አስከፈለ።

ዝምታን ደግሞ በቤታችን የተማርንበት ጊዜ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ተስፋፍቶ፣ ከወሎ በኩል የሚመጣው ወሬ በየቀኑ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ያያል። የትግራይ ልጅ የሆነችው ለተሰንበት ግደይ ከሁለት ወር በፊት የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ሰብራለች። ዙሩን ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣች። የእህቴ ልጅ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ "አክስቴ፣ ይቺ ከማን ጋር ናት?" አለኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መልሱን ሁላችንም የየራሳችንን አዘጋጅተን የነበረ ይመስለኛል። ቀድማ የተናገረችው ግን እናቴ ናት። "እናትየዋ ሰምታ ይሆን?" አለች።

የትግራይ ስልክ በዚያን ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጋይንት የጦር ሜዳ ሆነ፤ የከባድ መሣሪያ ተኩስ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ወድቆ ቤት ውስጥ የነበሩ ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ። እናቴ ከዚያ በኋላም ያንን ጥያቄዋን አላነሳችውም። ማዘን ማንን መደገፍ እንደሆነ የምታስብ ሴት አይደለችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የአትሌት ዝምታ ስመለከት ቀድሞ የሚመጣብኝ የእሷ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ዝም ሲል ማን ቤት ቀርቶበት ይሆን?

በዚያው ዓመት ማግሥት፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ገብረሥላሴም ፈይሳ ሌሊሳም ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። እኛ ከተማ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ ተመልሷልና። በሌላ ወገን ያለው ቤተሰብ ደግሞ ያንኑ ቃል በሐዘን ሰማው። ፈይሳ በሪዮ ሲያደንቀው የነበረው ሰውና በኅዳሩ ያደነቀው ሰው አንድ አልነበረም። ይህ የሚያሳየን ብዙዎቻችን አትሌቱ እንዲናገር አለመፈለጋችንን ነው። የምንፈልገው የእኛን ቃል እንዲናገርልን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ትቆይ ወይስ ነጻ አገር ትሁን ተብሎ እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ የቴኒስ ኮከቡ አንዲ መሪ ዘመቻውን ሁሉ ዝም ብሎ አሳለፈ። በድምፅ መስጫው ዕለት ብቻ ወደ ነጻነቱ የሚያዘነብል አጭር መልእክት ጻፈ። የወረደበት ስድብ ብዙ ነበር። በኋላ ሐሳቡን በመግለጹ እንደማይጸጸት፣ ግን በዚያ መንገድ ደግሞ እንደማያደርገው ተናገረ። እዚያ የሚያስር አልነበረም፣ የሚያሰድድም አልነበረም። የተመልካቹ ምላስ ብቻ በቃ።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ አይስማማም። "ሚሊዮን ሰው የሚሰማው ዝም ካለ፣ ማንም የማይሰማው ምስኪን እንዴት ይናገር?" ይለኛል። እውነት አለው። ክፉ ሲሠራ ዓይኑ እያየ ለጥቅሙ ብቻ ዝም የሚልም አለ፤ ታሪክ ደግሞ የሚያስታውሰው ዋጋ ከፍሎ የተናገረውን ነው። ነገር ግን ዋጋውን እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሌላው እንዲከፍል ማዘዝ አንችልም። አበው "ዝም አይነቅዝም" ብለዋል፣ "ሆድ ይፍጀው" ብለዋል፤ ሁለተኛው አባባል ዝምታ ሆድን እንደሚያቃጥል ከመጀመሪያውም ያውቃል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና ተራራ ጎን የተቀመጠች ከተማ ናት። ለሩጫ የተፈጠረ አየር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በጉሙ መሐል የሚሮጡ ልጆች አያለሁ። ክልላችን ከዚያ ጦርነት ወዲህም ሰላም ርቆት ስለከረመ፣ ወላጆቻቸው የሚሰጧቸውን ምክር መገመት አይከብድም፤ "ሩጥ፣ አታውራ።" በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ የምል ይመስለኛል።

እኛ ተመልካቾች ግን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ልጆቻችን "ይቺ ከማን ጋር ናት?" ብለው ሲጠይቁን ስሟን፣ ያደገችበትን፣ የሮጠችበትን ሰዓት እንንገራቸው። ያልተናገረውን አትሌት ፈሪ፣ የተናገረውን ከሐዲ ብለን ልጆች ፊት አንጥራ። ከእነዚያ የጉም ሯጮች አንዱ ነገ ሜዳሊያ አጥልቆ ማይክራፎን ቢደቀንበት፣ መናገሩንም ዝም ማለቱንም ራሱ ይወስን። የእኛ ድርሻ የትኛውንም ቢመርጥ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ አለመዝጋት ነው።