እኔስ የታለሁ?

ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ብቻ አይበቃም፣ ሰበብም ያስፈልጋል። የእኔ ሰበብ ላሊበላ ነበረች። ገናን እዚያ ላከብር ነው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ደህና ካሜራ ሳይዙ አይኬድም። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፣ ለባለቤቴም እንዲሁ። እሷ የነበረችኝን ትንሽ ካሜራ ከመደርደሪያው አንስታ «ይቺ ምን ሆነች?» አለችኝ። ምንም አልሆነችም። መልስ ሳጣ ስለ ሴንሰር ስፋት ማስረዳት ጀመርኩ።

ያን ሰሞን የማታ ሥራዬ ዩቲዩብ ላይ ተጥዶ የካሜራ ትንታኔ ማየት ነበር። ጺማቸውን ያሳደጉ ፈረንጆች በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ቆመው ይሄኛው ከዚያኛው በምን እንደሚሻል ያስረዳሉ፤ እኔ አዲስ አበባ መብራት እየጠፋ እየመጣ ከእነሱ ጋር እከራከራለሁ። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ስላለው ወርቃማ ብርሃን ሲያወሩ እሰማና እመኛለሁ። እነሱ አገር ፀሐይ ሰማዩን ታካ ስለምትንሸራተት ያ ብርሃን ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ፣ እኛ ጋ ግን ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ ነገሩ ሁሉ እንደሚያበቃ ልብ አላልኩም። 24 ሜጋፒክስል ያለው ፎቶ ኤ3 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት እንደሚታተም ግን አውቅ ነበር። በዕድሜዬ ኤ3 ፎቶ አሳትሜ አላውቅም። ፎቶዎቼ የሚደርሱት እስከ ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ድረስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲልክ ያሳንሳቸዋል። ቢሆንም 60 ሜጋፒክስል የሚለው ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ።

ዕቁቡ ሲወጣልኝ ብሩን ለአክስቴ ሰጠኋት፤ አሜሪካ ያለው ልጇ ለበዓል ሲመጣ ካሜራውን በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከእሱ ጋር 70-200 የሚባለው ዙም ሌንስም አለ። ሌንሱ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ፣ ጋዜጠኞች ተሸክመውት ስላየሁ ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ለሰፊ ሌንስና ለትርፍ ባትሪ የሚሆን ሳንቲም አልተረፈም። ትንሿን ካሜራ እስከ 1.8 ከሚከፈተው 35 ሚሊሜትር ሌንሷ ጋር ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በርካሽ ሸጥኳት።

ላሊበላ ስደርስ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለቱ ወደ ታች ወደ 12 ሜትር ገደማ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆነው ሲያዩት የመስቀል ቅርጹ ቁልጭ ይላል። ይህ በዓይን ነው። በእኔ ሌንስ የሚገባው ከጣሪያው ገሚሱ ብቻ ሆነ። ወደ ኋላ ብሸሽ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ከነጭራሹ ይሰወራል። አጠገቤ የነበረ ተማሪ በስልኩ ሙሉውን አንስቶ፣ የእኔን ሌንስ በአድናቆት አይቶ ሄደ። አድናቆቱን ተቀበልኩ። ደስም አለኝ፣ ምን ይደረጋል።

በሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው በጠባቡ መተላለፊያ ቆመውልኛል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ባነጣጥር ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያጓራ ይዋልላል። ይህ ዓይነት ሌንስ ፎከስ ለማድረግ ወደ 1 ሜትር ገደማ መራቅ ይፈልጋል፤ እኔና እሳቸው መካከል ያን ያህል ቦታ የለም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉልኝ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከኋላዬ አለት ነው» አሉኝ። «ቅዱስ ላሊበላ ሲያንጸው አንተ ይህን ተሸክመህ እንደምትመጣ የነገረው የለም።»

የገና ሌሊት ምእመናኑ ጧፍ ይዘው ሲያድሩ ጣቴን ከካሜራው ላይ አላነሳሁም። ራው የሚባለው ያልታመቀ ፋይል በዚህ ካሜራ አንዱ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል። የያዝኩት 64 ጊጋባይት ካርድ ሌሊቱ ሳይጋመስ ሊሞላ ደረሰ። መፍትሔ ያልኩት ካሜራውን ወደ ትንሹ ጄፔግ መቀየር ነበር። ያን ሁሉ ሜጋፒክስል ከአሜሪካ አስመጥቼ፣ ዋናው ቀን ሲደርስ በራሴ እጅ ዘጋሁት ማለት ነው።

ለሐቁ ያህል፣ ሌንሱ አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ በአለቱ አፋፍ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ፣ ከታች ከሕዝቡ መሐል ሆኜ የአንድ ዲያቆን ፊት እስከ ላቡ ድረስ አግኝቻለሁ። የጉዞው ሁሉ ትርፍ እሱ ነው። ክፋቱ፣ ሌንሱ ከሩቅ መስረቅን አስለመደኝ። ፈቃድ መጠየቅ የማፍር ሰው ነኝ፤ 200 ሚሊሜትር ደግሞ ለዓይን አፋር ጥሩ መደበቂያ ነው። ከዋግ በኩል በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አየሁና ከማዶ ደጋግሜ ሳነሳቸው ድንገት ቀና ብለው አዩኝ። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ምነው ልጄ፣ እንደ አዳኝ ከሩቅ? ቀርበህ አታነሳኝም?»

አፍሬ ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ያነሳሁትን በካሜራው መስታወት አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ነጠላዬ ነው» አሉ። «እኔስ የታለሁ?»

እውነታቸውን ነበር። የነጠላው ጥለት እንኳን ይቆጠራል፤ ፊታቸው ግን ጥቁር ጉድጓድ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመውን ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ከበዛበት ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ያጨልማል። በገና ዕለት ላሊበላ ደግሞ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነጠላቸው ግንባራቸው ላይ ጥላ ጥሏል። መለኪያውን ፊታቸው ላይ ማድረግ፣ ወይም ኤክስፖዠሩን ትንሽ ወደ ፕላስ መግፋት፣ ወይም «እማማ፣ ወደዚያ ጥላ እንሂድ» ማለት ይበቃ ነበር። ሦስቱም በነጻ ናቸው፤ የትኛውም ካሜራ ላይ ይሠራሉ። እንደገና ላንሳዎት ብዬ ሳነጣጥር ባትሪው አለቀ።

«በል ለከርሞ ያድርሰን» ብለው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

አዲስ አበባ ስመለስ ኮምፒውተር ያድነኛል ብዬ አሰብኩ። የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ነው፤ እኔም እንደ ብዙዎቻችን ክራክ የሆነውን ከአንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ገለበጥኩ። ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ከዚያ የሚሠራ ሌላም ሞከርኩ፤ የእኔ ኢንተርኔት ሌሊቱን ሙሉ ጭኖ ጭኖ ጠዋት ላይ ከመጀመሪያው ጀምር አለኝ። አሮጌው ላፕቶፔ አንዱን ትልቅ ፋይል ለመክፈት ቡና አፍልቶ መጠጣት የሚያስችል ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ መሐል የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ የእማማን ፊት ማግኘት። ጥቁሩን ወደ ላይ ስጎትተው ፊታቸው ብቅ ማለት ይጀምርና በነጠብጣብና በአረንጓዴ ቡግር ይሸፈናል። ራው ቢሆን ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር። ጄፔግ ጨለማ ነው ያለውን ጥሎታል፣ ከየት ይምጣ?

ተስፋ ሳልቆርጥ ፕሪሴት ወደሚባሉት ዞርኩ፤ አንዴ ተጭነው የፎቶውን ቀለም በሙሉ የሚቀይሩት ማለቴ ነው። አንዱ ጥላውን ሰማያዊ፣ ፊቱን ብርቱካን ያደርጋል። ሌላው ሁሉን ነገር ያደበዝዛል። እኔ ሲኒማ መስሎኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። «ሴትየዋን ምን ነካቸው፣ አመድ ነው የተነሰነሰባቸው?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ጠጋ ብዬ ማየት የጀመርኩት። የእኛ ፊት ቀለም ማስተካከያው ላይ በአብዛኛው የሚገኘው ብርቱካን ውስጥ ነው፤ የላሊበላ ቀይ አለትም እዚያው። ፕሪሴቱን የሠራው ሰው በአእምሮው የነበረው የገረጣ ቆዳና ግራጫ ባሕር ነው። እኔ አገሬን ወስጄ እሱ ባሕር ውስጥ ነከርኩት።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነም በኋላ አነበብኩ። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ የሚልከው ካርድ ላይ ነጭ ሴት ነበረች፤ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። እሷ ካማረች ሁሉም አምሯል ማለት ነበር። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ከገፉት መካከል ቸኮሌታችንና የእንጨት ዕቃችን ፎቶ ላይ አያምርም ያሉ አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል። ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ፣ ትንሽም ተጽናናሁ። ግን ራሴን ነጻ ማውጣት አልቻልኩም፤ የእኔ ካሜራ የዛሬ ነው፣ ቡናማን አሳምሮ ያያል። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ትንሿን ካሜራ ልመልሳት ብዬ ባልደረባዬ ጋ ሄጄ ነበር። ከሸጥኩበት በላይ እከፍላለሁ ብለውም «ልጄ ስትወለድ የተነሳችው በእሷ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ፒያሳ ዞሬ እሷን የምትመስል ያገለገለች ገዛሁ። ትልቁን ሌንስ ሸጥኩት፣ በኪሳራ። በስንት እንደሆነ ቤት ውስጥ አልተናገርኩም። ፎቶዬን አሁን ዳርክቴብል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እሠራለሁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። መንገድ ላይ ስሆን ስልኬ ላይ ያለው ስናፕሲድ ይበቃኛል። ሁለተኛ ባትሪ ኪሴ ውስጥ አለ። ሰው ስጠይቅ አሁንም ምላሴ ይተሳሰራል፣ በ35 ሚሊሜትር ግን ሳይጠይቁ ማንሳት አይቻልም፣ ቅርብ ነው።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ጎንደር ሊሄድ ነውና «ጋሼ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ መጣ። አስቀምጬ አስተማርኩት። ማንን ነው የምታነሳው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ቀርበህ፣ ፎቶውን ማታ በምን ትከፍተዋለህ፣ መብራት ሲጠፋስ? «ልክ ነህ ጋሼ» እያለ በትሕትና ሰማኝ። ቀጥሎ ሲመጣ 70-200 አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። «እስቲ አምጣው» አልኩ። ወደ መስኮቱ ዞሬ የጎረቤቱን ቆርቆሮ፣ ከዚያ የተሰጣውን ልብስ፣ ከዚያ ገመዱ ላይ ያለችውን ወፍ አየሁ። ፎከሱ ምንም ሳያጓራ ቀጥ ብሎ ይይዛል።

«ቀለል ብሏል» አልኩት።

«አዲሱ ነው፣ ክብደቱን ቀንሰውታል።»

«በማን አስመጣኸው?»