ከፍትፍቱ ፊቱ

አቦሉን ጠጣን፤ ቶናው እየፈላ ነው። ወንበርህን ጠጋ አድርግ ወዳጄ፣ ዛሬ ስለ በር ላጫውትህ። «ስለ በር ደግሞ ምን ጨዋታ አለ?» ትለኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ያገራችን ሰው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያለው እንግዳ የሚጠግበው ገና ደጃፍ ላይ መሆኑን አውቆ ነው። ፊት የነሡት ሰው ገበታው ቢሞላለት ምን ይዋጥለታል?

እስቲ ቋንቋችንን ተመልከት። ደጃዝማች ማን ነበር? የደጁ አዝማች፣ በንጉሡ ደጅ የሚሰለፈው ጦር አለቃ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምታልፍበት ደጀ ሰላም ይባላል። ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ደጅ ይጠናል። ሹመቱም፣ ሰላሙም፣ እንግልቱም ስሙን የወሰደው ከደጅ ነው። አያቶቻችን ደጅን እንዲህ ያከበሩት በከንቱ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያሳሰቡኝ አክስቴ ናቸው። ባለፈው ክረምት ለቤት ካርታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ ልባቸው የወጣት ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቷ በሌላ በኩል ተሰልፈናል። ዝናቡ ይወርዳል። ከላይ መጠለያ የለም፤ ይባስ ብሎ የጣራው ውኃ የሚወርደው በትክክል ሴቶቹ በቆሙበት ላይ ነው። ከፍተሻው በኋላ ሦስት ደረጃ አለ። ከጎኑ ራምፕ ተሠርቷል፤ ግን ቁልቁለቱ ገደል ነው፣ የለበሰው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ። አክስቴ አንድ እግራቸውን አሳረፉበትና መለሱት። ጥበቃው ልጅ ሮጦ መጣና «እማማ፣ እኔን ይያዙ» ብሎ ክንዱን ሰጣቸው። ከኋላ የነበረች ልጅ ጃንጥላዋን ዘረጋችላቸው። በሰው ደግነት ገባን።

ያ መግቢያ አሮጌ እንዳይመስልህ። ታድሶ ሁለት ዓመት አልሞላውም! እብነ በረዱ አዲስ፣ መስታወቱ አዲስ። ታዲያ ምን ጎደለው? ገንዘብ አልጎደለውም። የጎደለው ቀድሞ ቁጭ ብሎ ያሰበለት ሰው ነው።

ነገሩ አልለቅ ብሎኝ አርክቴክት ለሆነ ጎረቤቴ፣ እዚሁ ቡና ላይ፣ አጫወትኩት። እስክሪብቶ አወጣና በፖስታ ጀርባ ላይ ይሥል ጀመር። «እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ 45 ነው። ዊልቸር ያለ ገፊ እንዲወጣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ራምፕ ትፈልጋለህ። ደጁ ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። እኔ በእርምጃ ስገምተው እስከ ውኃ መውረጃው ቦይ አራት አይሞላም። «እንግዲያው ራምፑ መታጠፍ አለበት፤ መታጠፊያው ላይ ዊልቸሩ የሚዞርበት ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያው የጥበቃውን ቤት ይነካል። የጥበቃው ቤት ከተነሣ የፍተሻው ቦታና የመብራት መስመሩ አብረው ይነሣሉ። ለሰልፉ መጠለያ ካወጣህለት ደግሞ የዝናቡን ውኃ የት እንደምትጥለው አስብ።» ፖስታው በመስመር ሞላ። እኔ አንድ በር መስሎኝ ነበር!

አየህ፣ የዲዛይን ገንዘብ የሚባለው ለዚህ ለፖስታው ጀርባ ሥራ የሚከፈል ነው። ለሚለካው፣ ለሚጠይቀው፣ ዝናብ ሲዘንብ መጥቶ ቆሞ ለሚያየው ሰው። ከግንባታው ወጪ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ግን ወረቀት ብቻ ሆኖ ስለሚታይ ለእሱ ገንዘብ መመደብ ያንገበግበናል፤ ለሲሚንቶና ለብረት ግን እጃችን ይፈታል። በወረቀት ላይ ራምፕ ማጠፍ የላጲስ ሥራ ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ድጅኖና ቫሪየሽን የሚሉት ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል።

ጥድፊያውስ ከየት ይመጣል? የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሩጫ ይሆናል። ያኔ ማን ቆሞ ይለካል? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይኸው ነው። እዚህ ላይ በሠራተኛው አልፈርድም፤ ዲዛይኑ ዘንድሮ፣ ግንባታው ለከርሞ ተብሎ በጀቱ ሁለት ቦታ ቢያዝ ኖሮ ማንም ባልሮጠ።

ቡናህ እንዳይቀዘቅዝ፣ ጠጣ። በትዕግሥት የተሠራ ደጅ ማየት ከፈለግህ እዚሁ አዲስ አበባ አለልህ፤ አፍሪካ አዳራሽ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው። ገና ስትገባ የሚቀበልህ ምንድን ነው? የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት፣ 150 ካሬ ሜትር፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ከፍሎ። አፈወርቅ ያን ሲሠራ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት መሪዎች እዚያ አዳራሽ ነው የተሰበሰቡት። እንዲህ ያለ አቀባበል ይኖራል እንዴ!

ያ ሕንፃ አርጅቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር በ2008 ዓ.ም. ፈቀደ፤ አዳራሹ ታድሶ የተከፈተው ደግሞ ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ! ረዘመ ትል ይሆናል፤ እውነትም ረዥም ነው። ግን ዛሬ ብትሄድ ያው የድሮው አዳራሽ ነው፤ የውጭ ግድግዳው ንጣፍ የቀድሞ ቀለሙን ይዞ፣ የአፈወርቅ መስታወት ተጠርጎና ተጠግኖ፣ አጥንቱ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ተጠናክሮ። እንዲህ ያለ ሥራ ቀድሞ ሳይጠና በድጅኖ አይጀመርም።

የዚያ መሥሪያ ቤት በር ሃምሳ ሰባት ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም፤ አውቃለሁ። የሚጠይቀው ያንኑ አክብሮት ነው። ሕጉም ቢሆን ደጅን አልረሳም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚያቅታቸው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ሳነብ አክስቴን ያየ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

በረካው ሊወርድ ነው፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። በመሥሪያ ቤትህ፣ በልጅህ ትምህርት ቤት፣ በሠፈርህ ጤና ጣቢያ «መግቢያውን እናድስ» የተባለ ቀን እጅህን አውጣ። «ለዲዛይኑ ስንት ተይዟል?» ብለህ ጠይቅ። ምንም ካልተያዘ፣ መጀመሪያ እሱ ይያዝ በልልኝ።